የጃንጥላ ጨርቅና የጉና በግ ፀጉር

ስለሰፋሁት ነገር ከማውራቴ በፊት እኔ ማን እንደሆንሁ ይታወቅልኝ። በንፋስ መውጫ ከተማ የስፌት መኪና ከሚረግጡት ሁሉ በዕድሜ የምበልጠው እኔ ነኝ፤ በእጅ የሚበልጠኝን ደግሞ እስካሁን አላየሁም። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም። ከታች ጋይንት፣ ከስማዳ፣ ከእስቴ የሚመጡ ካህናት ጥላቸውንና ካባቸውን በነጠላ ጠቅልለው፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ የተደረደሩትን ሰፊዎች በሰላምታ ብቻ እያለፉ እኔ ዘንድ ይደርሳሉ። የሚታለፉት ሰፊዎች ስለ እኔ ምን እንደሚሉ አውቃለሁ። ይበሉ።

ማንም አላስተማረኝም። ፊደልን የቆጠርሁት ከአንድ የቆሎ ተማሪ ነው። እኛ ደጅ ቆሞ «ስለ እመቤቴ ማርያም» ሲል እናቴ ቁራሹን እንዳቀብለው ትሰጠኛለች፤ እኔም ቁራሹን ከኋላዬ ይዤ «መጀመሪያ አንዲት ፊደል» እለው ነበር። ረኃብ ሰውን ጎበዝ መምህር ያደርገዋል። ስፌትን ደግሞ የተማርሁት ከራሷ ከመኪናዋ ነው። ተበላሽታ የተጣለች መኪና አግኝቼ፣ ጋቢዬን አንጥፌ ብሎን በብሎን ፈታኋት። እያንዳንዱ ዕቃ ከየት ወጥቶ ወዴት እንደሚገፋ ካየሁ በኋላ መልሼ ገጠምኋት። አንዲት ብሎን ተረፈችኝ። መኪናዋ ግን ይኸው እስከ ዛሬ ትሰፋለች፤ ያቺን ብሎን የሠራት ሰው ያለ ምክንያት ጨምሯት ነበር ማለት ነው።

ሱሪ፣ ኮት፣ የሙሽራ ልብስ፣ የቤተ ክርስቲያን መጋረጃ፣ የአህያ መደላድል ሰፍቻለሁ። ልዩ የሆንሁት ግን በካህን ጥላ ነው። ጥላ ለማያውቀው ሰው ክብ ጨርቅ ይመስለዋል። አይደለም። ጠፍጣፋ ጨርቅ ጎብጦ እንዲቆም ማግባባት ነው፤ ይህ ደግሞ ትዕግሥት ላለው ሰው ብቻ የተሰጠ ነው።

አንዲት ልጅ አለችኝ። እናቷ ከሞተች ወዲህ ቤቱ ለእኔ ለብቻዬ በዝቶብኛል። ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ስለ ዛፍ ተማረች። ስለ ዛፍ ምን የሚማሩት አለ ብለው ሲጠይቁኝ ብዙም ሳይገባኝ ለሰው ሁሉ አብራራ ነበር። ከዚያ ሥራ ያዘችና ራቀች። ለፋሲካ ትመጣለች፤ ጫማዋን አውልቃ ሳትጨርስ የመመለሻዋ ቀን ይደርሳል። በቀሩት ወራት ድምጿን በስልክ እሰማለሁ፤ እሱም ኔትወርክ ሲፈቅድ ነው። ፋሲካ ሲቃረብ መኪናዬን ቶሎ ቶሎ እረግጣለሁ፤ ቀኑ አብሮኝ የሚሮጥ ይመስል።

ዘንድሮ ክረምቱ ሲወጣ መሥሪያ ቤቷ ወደ እኛ አገር ላካት። የአገር ዛፍ ዘር ሰብስቦ ችግኝ የሚያፈላ መሥሪያ ቤት ነው። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የድሮው ጫካ የቀረው በየደብሩ ዙሪያ ብቻ ነው፤ ጽዱም፣ ወይራውም፣ ኮሶውም፣ ዝግባውም ታቦት ተጠግቶ ነው የተረፈው። የልጄ ሥራ ከደብር ደብር እየዞሩ ፍሬው የበሰለውን ዛፍ ፈልጎ ዘሩን መልቀም ነው። ወፍና ጦጣ እንዳይቀድሟት ንጋት ላይ ዛፉ ሥር መገኘት አለባት። ስለዚህ እዚያው ታድራለች።

ድንኳን አትተክልም። በደብር ዙሪያ ያለው መሬት መቃብር ነው። ካስማው የሚመታው በማን ራስ ላይ ነው? ካህናቱም አይፈቅዱም፣ እሷም አትደፍርም። መንደር ገብታ ብታድር ደግሞ ባለቤቶቹ አልጋቸውን ለቀው መሬት ይተኛሉ፤ ዶሮም ሳያርዱ አይቀሩም። ያንን በየቀኑ ለማስደረግ አፈረች። እናም ከቅጥሩ ውጭ በሁለት ዛፎች መካከል የሚታሰር ተንጠልጣይ አልጋ ይዛ መጣች። ረጅም ስስ ጨርቅ ነው፤ ሁለቱ ጫፎቹ ተሰብስበው በሰፊ ጠፍር ከግንድ ጋር ይታሰራሉ፣ ሰው መሀሉ ላይ ይተኛል። ጉንዳን አይደርስበትም፣ ሙታንንም አይረግጥም። በውጭ አገር ሰዎች ለመዝናናት ብለው ጫካ ገብተው በዚህ ያድራሉ አለችኝ። ቤት እያላቸው ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ቤት እያላቸው ነው አለች። እኔ መጀመሪያ ያየሁት ስፌቱን ነው። ጥሩ ነው፣ ግን ክሩ ሰው የሚያምነው ዓይነት አልነበረም፤ ሳትጠይቀኝ ዳር ዳሩን ደግሜ ሰፋሁላት።

ክፋቱ ብርዱ ነበር። የጋይንትን የኅዳር ብርድ ያደረበት ያውቀዋል። ከላይ የፈለገችውን ያህል ብትደርብ ከሥር ያለው ጨርቅ ስስ ነው፤ ነፋሱም ከሥር እንደልቡ ያልፋል። ብርድ ልብስ ብታነጥፍበት ደግሞ የራሷ ክብደት ይጫነውና እንደ ወረቀት ያሳሳዋል። ጀርባዋና ወገቧ እየደነዘዘ ይነጋል። ጥቂት ሌሊት እንዲህ ካደረች በኋላ ብርዱ ሲያሸንፋት ሚኒባስ ተሳፍራ ወደ ንፋስ መውጫ ትመጣ ነበር። እያሳለች ትገባለች፤ እኔ እሳት አያይዛለሁ፤ እሷ እናቷ አልጋ ላይ ትጠቀለላለች። እኔም መኪናዬን ሳልነካ ቁጭ ብዬ ትንፋሿን አዳምጣለሁ። ከብዙ ዓመት ወዲህ ቤቴ ውስጥ ከእኔ ሌላ የሚተነፍስ ሰው ነበረ። እግዚአብሔር አይይብኝና፣ ያን ሰሞን ደስ ይለኝ ነበር።

ሳሉ ግን ጠናባት። አንድ ቀን ራት ላይ እንጀራውን እየቆረሰች ሳትጎርስ ቆየችና ነገረችኝ።

«አባባ፣ እስከ ጥምቀት እንዲህ ከሆንሁ ሊቀይሩኝ ነው።»

«ወዴት?»

«ጋምቤላ። እዚያ አይበርድም።»

ጋምቤላን በካርታ አውቃታለሁ። ጣቴን ንፋስ መውጫ ላይ አድርጌ ሌላውን ጋምቤላ ላይ ለማድረስ ሁለት እጅ ያስፈልጋል። እዚያ ያለ ሰው አባቱ ሞቶ ቢላክበት ለተዝካሩም አይደርስም። አንቺስ ምን ትፈልጊያለሽ አልኋት። መቆየት እንደምትፈልግ፣ የስማዳን ዝግባ ገና እንዳልጨረሰች፣ እስቴንና ጉናን ገና እንዳልረገጠች ነገረችኝ። ከዚያ ስልኳን አውጥታ ሥዕል አሳየችኝ። ከተንጠልጣዩ አልጋ ሥር ሌላ ወፍራም ልብስ ተንጠልጥሏል። ሰው አይተኛበትም፤ ከውጭ በኩል የተኛውን ሰው ጀርባ ያቅፋል፣ ያ ብቻ ነው ሥራው። ከውጭ ነው የሚመጣው፤ ዋጋው አይቀመስም፤ ቢታዘዝም እስኪደርስ ጥምቀት ያልፋል አለች። አንዳንድ ሰው ግን እቤቱ ይሰፋዋል አለችኝ።

«እነዚያ እቤታቸው የሚሰፉት ልብስ ሰፊዎች ናቸው?»

«አይደሉም። እንዲሁ ሰዎች ናቸው።»

«እንዲሁ ሰው የሰፋውን እኔ ልቸገርበት ነው?» አልኋትና ራቴን በላሁ።

ስሙን በእንግሊዝኛ ነገረችኝ፤ አልያዝሁትም። እኔ የሥር ድርብ አልሁት፤ አሁን እሷም እንደዚያ ነው የምትለው።

ጨርቁ ቀላልና ነፋስ የማያሳልፍ መሆን ነበረበት። በከተማው ሱቆች ዞሬ የነካሁት ሁሉ ወይ ከባድ ነው ወይ ነፋስ ያስገባል። ያን ጊዜ የዝናብ ጃንጥላ ትዝ አለኝ። ሰው ጃንጥላ የሚጥለው ሽቦው ሲሰበር ነው እንጂ ጨርቁማ ገና ዕድሜ አለው። ዓርብ ዕለት ወደ አርብ ገበያ ከተማ ወረድሁና ከየበሩና ከየጥጉ የተሰበረ ጃንጥላ ለቀምሁ። ጥቁር አለ፣ ሰማያዊ አለ፣ አንደኛው ቀይ አበባ ነበረበት። ጃንጥላ ተሸክሜ ስመለስ በዚህ ፀሐይ ምን ነካው ብለው የሳቁብኝ ነበሩ።

ለሙሌቱ የበግ ፀጉር መረጥሁ፤ ባና የሚባለው ወፍራም ብርድ ልብስ የሚሠራበትን፣ ከጉና ግርጌ የሚመጣውን። የጉና በግ ብርድን ከእኛ በላይ ያውቀዋል። በእንዶድ አጠብሁት፣ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት፣ በደጋን ነደፍሁት። ደጋን ጅማት የተወጠረበት የጥጥ መንደፊያ ነው፤ ጅማቱ እየተመታ ሲርገበገብ የተቋጠረው ፀጉር ይፈታና እንደ ጉም ይነሣል። ድምፁ ግን ከሩቅ ይሰማል። ሽማግሌው በገና ጀመረ ተብሎ በሰፈሩ ተወራ።

ከዚያ የማውቀውን አደረግሁ። የጋይንት ሰፊ ውስጡ የሚሞላ ነገር ስፋ ሲባል እጁ የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ ከጭነት ሥር የሚደረገው የአህያ መደላድል። የመደላድል ሕግ ደግሞ አጭር ነው፤ ጠጥሮ ይሞላ፣ ጠብቆ ይታሰር። የላላ መደላድል ጭነት ያዘምማል፣ ጀርባ ይመልጣል፣ ባለቤቱንም በገበያ መሀል ያስቅበታል። እኔ የሰፋሁት መደላድል በዚያ ሁሉ መንገድ አንድም አህያ ገሽልጦ አያውቅም። ስለዚህ ፀጉሩን በሁለት የተገጣጠሙ የጃንጥላ ጨርቆች መካከል በጡጫ እየደቆስሁ ጠቀጠቅሁት፤ በላዩ ላይ ጥቅጥቅ ያለ ስፌት አስኬድሁበት፤ ዳርና ዳሩን በወፍራም ጠፍር አበጀሁት። ከጓሮ ባሉት ሁለት ባሕር ዛፎች መካከል አልጋዋን ሰቀልን። እሷ ስትወጣበት እኔ ከሥር ሆኜ የሥር ድርቡን ጠፍር እንደ መጫኛ በጉልበቴ እየገፋሁ ሳብሁት፤ ከጀርባዋ ጋር እስኪጣበቅ።

ጠበቀ ወይ ስላት ጠብቋል አለች። እኔም ገብቼ ተኛሁ፤ ደስ ብሎኝ።

ጠዋት ስወጣ አልጋው ባዶውን ይወዛወዛል። እሷ እናቷ አልጋ ላይ ናት፤ የራሷን ብርድ ልብስ፣ የእኔን ጋቢ፣ የበሩን መጋረጃ ሳይቀር ደርባ፣ ጉልበቷን አገጯ ሥር አድርጋ ተኝታለች።

በመጀመሪያ በጉን ጠረጠርሁ። የሸጡልኝ የጉና ፀጉር አይደለም ብዬ እያጉረመረምሁ ሳለ መሪጌታ ጥላቸውን ሊወስዱ መጡ። መሪጌታ የልጅነት ወዳጄ ናቸው፤ ድጓ ያዘልቃሉ፣ ቀልዳቸው ግን ከድጓቸው ይበልጣል። ጓሮ ገብተው የተሰቀለውን አዩት።

«ወዳጄ፣ ንብ ልታረባ ነው?»

የልጄ መኝታ ነው አልኋቸው።

«ሰው እንደ ቀፎ ተሰቅሎ ያድራል?» ከሥር ዞረው በመቋሚያቸው መታ መታ አደረጉት። እንደ ግድግዳ ድም ድም አለ። «ይኸማ መደላድል ነው። የት ገበያ ልትጭናት ነው?»

ልጄ ሰምታ ኖሮ ጋቢ ተከናንባ በሩ ላይ ብቅ አለች። ሳቀች፤ ሳቋ ሳል ሆነና ደጃፉን ይዛ ጎንበስ አለች። ቀና ስትል እንዲህ አለችኝ።

«እውነታቸውን ነው፣ አባባ። እንደ ጤፍ ጫኑኝ። የሚያሞቀው እኮ በፀጉሩ መሀል የሚቀመጠው አየር ነው፤ እርስዎ አንድ ትንፋሽ አላስቀሩበትም።»

አላውቅም ነበር አልልም። የተነደፈ ጥጥ የሞላበት ቅርጫት ውስጥ እጁን የከተተ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ እጅህ ያለ እሳት ይሞቃል፤ ጥጡን ስትጨብጠው ግን ሙቀቱ ከጣቶችህ መሀል ይወጣል። እኔም አውቀዋለሁ። የያዘኝ የመደላድል ሕግ ነው፤ በዚህ አገር ለጀርባ የተሰፋ ነገር ላልቶ ጥሩ ሲሆን ታይቶ አያውቅምና። መሪጌታ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ልጄ ሲጠይቁኝ «ጭነቷ ደህና ናት?» ነው የሚሉት።

ፈታሁት። መፍታት ከመስፋት ይከብዳል፤ በተለይ ስፌቱ የእኔ ሲሆን፣ በቀላሉ አይለቅም። ልጄ በመሀሉ እዚሁ ላይ ጋይንት ወዳለ ደብር ሄዳ ሰነበተችና ሳሏን አባብሳ ተመለሰች። እኔ በረንዳው ላይ የተፈታውን ጨርቅ ጭኔ ላይ አድርጌ ነበር። ስትገባ አየኋት፤ ቦርሳዋን አውርዳ ቀጥታ ወደ አልጋው ሄደች።

ያን ጊዜ ነው ያሰብሁት። ይህ ነገር ካልሞቀ ጋምቤላ ትሄዳለች። ከሞቀስ? ወደዚህ ቤት የሚያመጣት ብርዱ ነው። የብርዱን መግቢያ የምደፍነው እኔ፣ በገዛ እጄ፣ በገዛ ክሬ ነኝ። እግሬ መርገጫው ላይ ነበር፤ አልረገጥሁም። አንድ ሰው የሱሪውን ጉዳይ ሊጠይቅ መጣ፤ ክር አልቆብኛል ብዬ መለስሁት፤ ክሩ ግን እፊቱ ነበር። ፀሐይዋ ከመኪናዋ ላይ ወርዳ መሬቱን ያዘች። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ትንሽ አጥብቄ ብሰፋው፣ ብዙ ሳይሆን ትንሽ ብቻ፣ እንዳትታመም ግን እየበረዳት እንድትመጣ የሚያደርግ ልክ ይኖር ይሆን ብዬ አስቤአለሁ። እንደዚያ ያለ ልክ እንኳን እኔ ማንም ሰፊ አያውቀውም።

ከውስጥ አሳለች። ረገጥሁ።

ሁለተኛውን የሰፋሁት እንደ ጥላ ነው። ጎብጦ የሚቆም ነገር የውጩ ጨርቅ ከውስጡ መብለጥ አለበት፤ አለዚያ መሀል ላይ ያለው ይጨመቃል። የጥላ ሰፊ ይህን በእንቅልፉም ያውቀዋል። የውጩን አስፍቼ ቆረጥሁ፣ ጫፍና ጫፉን በገመድ ሸብሽቤ እንደ ጎድጓዳ እንዲይዝ አደረግሁት። ፀጉሩ ወደ አንድ ወገን እንዳይሸሽ ከዳር እዳር ረዣዥም ኪሶች ከፈልሁለት፣ በየኪሱም ሳልደቁስ፣ ጫጩት እንደሚያስቀምጥ ሰው እያኖርሁ ሞላሁት። ጠፍሩን ጥዬ የባጃጅ ጎማ ውስጥ የሚገባውን ካላማዳሪ በቀጭኑ ቆርጬ ማሰሪያ አደረግሁት፤ እሱ ሰውየው ሲገላበጥ አብሮ ይሳባል፣ ሲመለስ አብሮ ይመለሳል። ቀይ አበባ ያለበትን ጨርቅ መሀል ላይ፣ ከወገቧ ሥር አደረግሁት። ማንም አያየውም። እኔ ግን የት እንዳለ አውቃለሁ።

በማግሥቱ ጠዋት ስወጣ አልጋው ባዶ አልነበረም። ፀሐይ ወጥታ፣ ወፍ ተንጫጭቶ፣ ጎረቤት ላሞቹን አስወጥቶ፣ እሷ አልነቃችም። አፏን ከፈት አድርጋ ነበር፤ በሕፃንነቷ እንደምትተኛው። ወገቤን እስኪይዘኝ ቆሜ አየኋት። ዓይኗን ስትገልጥ ሞቀኝ አለች። አውቃለሁ አልኋት።

ሄደች። የሥር ድርቡ ተጠቅልሎ ከረጢት ውስጥ ሲገባ ከአንድ ዱባ አይበልጥም። ሳሏ ከጥምቀት በፊት ለቀቃት፤ የጋምቤላውም ወሬ ቀረ። እኔ ሰው ባገኘሁ ቁጥር አወራሁ። ስለ አየሩ ለጠየቀኝ ሰው እንኳን የምመልሰው ስለ ሥር ድርቡ ነበር። መንገድ ላይ ያሉት ሰፊዎች እንዴት እንደተቆረጠ ሊያጣሩ ሞከሩ፤ አልነገርኋቸውም።

ስማዳ ጥቂት ሌሊት አድራ የምትመለስበት ቀን ደረሰ። አልመጣችም። ሳምንቱ አለፈ። ደወለች።

«አባባ፣ እንዴት እንደሞቀኝ! ንጋት ላይ መነሣት ብቻ ነው ያቃተኝ።»

እኔ ምን አልሁሽ አልኋት፤ ድምጿም ወዲያው ተቆረጠ። የስማዳ ኔትወርክ እንደዚያ ነው። ከዚያ በኋላ ሚኒባስ ሲያልፍ መርገጫውን ማቆም ለመድሁ። የሚወርዱትን አያለሁ፤ ነጋዴ፣ ተማሪ፣ ዶሮ የያዘች ሴት። የሚያስል ሰው ከወረደ ቀና እላለሁ። ማታ እሳት የማነደው ለአንድ ሰው በሚበቃ እንጨት ነው፤ እሱንም አንዳንዴ እተወዋለሁ።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ ተነሣሁ። ስፌቱን ማየት አለብኝ፣ አዲስ ሥራ ነው፣ ክር ሳይላላ አይቀርም አልሁ ለመሪጌታ። እርሳቸው ለመጀመሪያ ጊዜ አልቀለዱም፤ መንገዱ ክፉ ነው ተጠንቀቅ አሉኝ። እስከ አርብ ገበያ በአንድ መኪና፣ ከዚያ ወገዳ በሌላ መኪና ደረስሁ፤ አቧራው ፂሜን ቀይ አደረገው። ከወገዳ ወዲያ በእግር ነው። አንድ ወጣት ክንዴን ሊይዝ ሲል ራስህን ያዝ ብዬ አባረርሁት። ውኃ የያዙ ሴቶች አግኝቼ የዛፍ ዘር የምትለቅመዋን ልጅ ጠየቅኋቸው።

«ያቺ የምትንጠለጠለዋ?» አሉና ደብሩን በአገጫቸው አሳዩኝ።

ልጄ ስታየኝ የያዘችውን ከረጢት ጣለችው፤ የዝግባ ፍሬ መሬት ላይ ተበተነ። ጉልበቴን ስማ፣ እንዴት መጡ፣ ማን አመጣዎ፣ ምን ሆነዋል እያለች በጥያቄ አጣደፈችኝ። ስፌቱን ላየው መጣሁ አልኋት። ቅጥሩን አልፈን ዛፎቹ ሥር ሄድን። አልጋው ተሰቅሏል፣ የሥር ድርቤ ከሥሩ አለ። በጣቴ ዳር ዳሩን ዳሰስሁ። አንድም ክር አልላላም፤ በአንድም ኪስ ፀጉሩ አልሸሸም። ጠጋ ብዬ አሸተትሁት፤ የጽድና የጭስ ሽታ ይዟል። የቤቴ ሽታ ለቆታል።

ይተኙበት አለችኝ። የለም አልሁ፤ ያዘችኝና አስተኛችኝ። መጀመሪያ ልወድቅ መሰለኝ፤ ከዚያ ጨርቁ ያዘኝ። ከጀርባዬ ሙቀት መጣ፤ ከሌላ ሰው ገላ እንደሚመጣ ያለ፣ ቀስ ያለ። በዕድሜዬ ሰው ያለበሰኝ እናቴና ሚስቴ ብቻ ናቸው፤ በቀረው ጊዜ ሁሉ ሌላውን ያለበስሁት እኔ ነኝ። በቅጠሉ መሀል ሰማዩን አየሁ። እሷ አጠገቤ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ የተበተነውን ፍሬ እየለቀመች ነገረችኝ።

«ሰሞኑን ወደ እስቴ እሻገራለሁ፤ ከዚያ ወደ ጉና። የሚመጣውንም ዓመት እዚሁ ሥሪ ብለውኛል።»

የለመንሁት ሁሉ ሆነ ማለት ነው። ጥሩ ነው አልኋት። ግን ደግሞ ጠየቅኋት።

«ቤትሳ? ቤት መቼ ትመጫለሽ?»

«አሁንማ አይበርደኝም እኮ፣ አባባ» አለች እየሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቆመ። እጇ ከፍሬው ላይ ተነሣ። አየችኝ፤ እኔ ቅጠሉን አየሁ። «ለፋሲካ እመጣለሁ» አለች ቀስ ብላ።

«ሥራሽን ሥሪ» አልኋት። «ካላማዳሪው በፀሐይ ይደርቃል፤ ሲሰነጠቅ ላኪልኝ፣ እቀይረዋለሁ።»

ከአልጋው ለመውረድ እጇን ያዝሁ። እሱን ብቻ ነው የያዝሁት። የደብሩ ካህን ቤት አደርሁ፤ በማግሥቱ እስከ መኪናው መንገድ ሸኘችኝ። ካላማዳሪው እስካሁን አልተሰነጠቀም፤ ጥሩ ዕቃ መርጬ ነበር። ዛሬ ይህን ስጽፍ ጉና ላይ ናት። ሰማይ በጠራበት ጠዋት ከቤቴ ጀርባ ወጣ ካልሁ የጉና ራስ ይታየኛል። በረዶ የሚያድርበት ቦታ ነው። እሷ ግን እንደማይበርዳት አውቃለሁ።

እንግዲህ በዚህ በአንድ በጋ የሠራሁትን ልዘርዝር፤ ሌላ የሚዘረዝርልኝ የለምና።

በጋይንት ምድር ማንም ያልሰፋውን የሥር ድርብ፣ ያለ መምህርና ያለ ናሙና፣ ስልክ ላይ ካየሁት ሥዕል ተነሥቼ ሰፍቻለሁ።

ሰው የጣለውን ጃንጥላ ነፋስ የማይገባው ልብስ አድርጌአለሁ።

የበግ ፀጉር አጥቤ ነድፌ፣ በዝናብ ቀን ካልሆነ በቀር በግ በግ እንዳይሸት አድርጌአለሁ።

መደላድልና መኝታ አንድ እንዳልሆኑ ደርሼበታለሁ፤ ይህን ከእኔ በፊት ያወቀ ሰፊ ካለ ይምጣና ይንገረኝ።

የልጄን ሳል ያለ ሐኪም አቁሜአለሁ።

ጋምቤላን አስቀርቻለሁ።

ልጄ በስማዳ ዝግባ፣ በእስቴ ወይራ፣ በጉና የአስታ ዛፍ ሥር ሞቋት እንድታድር አድርጌአለሁ።

በስልክ መልእክት መጻፍ ብቻዬን ተምሬአለሁ፤ የማትመልስልኝ ኔትወርክ ሳይኖር ነው።

በዚህ ዕድሜዬም ወገዳ ድረስ፣ ማንም ሳይደግፈኝ፣ ብቻዬን ሄጄ ብቻዬን ተመልሻለሁ።